ግንቦት በእኛ ግቢ

እስቲ ቀረብ በሉና ላውጋችሁ። የቸኮለ ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ የቀረነው ግን ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ አለን። የማወጋችሁ የአንድ ወር ነገር ነው፤ ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ 1983። ያን ግንቦት የኖረው አይረሳውም፣ ያልኖረውም ከእናት ከአባቱ ሰምቶታል። ስለ ቤተ መንግሥቱ ግን ከእኔ ብዙ አትጠብቁ፤ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ቤተ መንግሥቱንም ከአጥሩ በቀር አላውቀውም። የማወጋው ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስለነበረው ስለ እኛ ግቢ ነው።

ግቢው የቀበሌ ነበር። ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ጭስ የጠገበ ማድ ቤት፣ ከጎረቤት የምንጋራው መጸዳጃ፣ ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ደግሞ ሴቶቹ ከሌሊት ጀምረው እንስራ የሚያሰልፉበት ቦኖ። በነዚያ ሦስት ክፍሎች ስንት ነፍስ ያድር እንደነበር የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ በትክክል አያውቅም፤ ለኅብረት ሱቅ ስኳር ሲሆን እንበዛለን፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሆን እናንሳለን። በትክክል የምታውቀው አያቴ ብቻ ነበረች።

ደግሞ እኛ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም። አያቴ እማምዬ ናት። የበኩር ልጇ፣ መርካቶ አንድ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና ልብስ የሚሰፋው፣ ጋሽዬ ነው። ከሱ ቀጥላ የተወለደችው፣ ጠላ ጠምቃ ግማሹን ቤት የምታስተዳድረው፣ እቴቴ ናት። ያን ጊዜ ቀኗ የገባው ነፍሰ ጡሯ አክስቴ እታለም ናት። የመጨረሻው ልጅ፣ ጢም አብቅሎ፣ መለዮ ለብሶ፣ ኤርትራ ዘምቶም ቢሆን፣ ለእኛ ማሙሽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ የሚሞቀው የእማምዬ ታላቅ ወንድም፣ ትልቁ አባባ ነበር። አሁን ሁሉንም አወቃችኋቸው፤ የአክስትና የአጎት ልጆችን ልዘርዝር ብል ግን ወሩ ሳይጀመር ያልቅብናል።

ሚያዝያ 30 ማታ፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ፣ እማምዬ ትልቁን ብረት ድስት ከፊቷ ታስቀምጥና ስንዴውን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን በየሰፌዱ አድርጋ ትቀመጣለች። ከዚያም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እፍኝ እየዘገነች ወደ ድስቱ ትጨምራለች፣ እየጨመረችም በሹክሹክታ የማን መሆኑን ትናገራለች፤ ይኼ የጋሽዬ፣ ይኼ የእቴቴ፣ ይኼ የእታለም፣ ይኼ እታለም ሆድ ውስጥ ያለው። የሞተ አይዘገንለትም፣ የራቀ ግን ይዘገንለታል። ያን ዓመት እኔ እሳት አንዳጅ ስለነበርኩ ቆጠርኩ፤ 23 እፍኝ። የማሙሽ ስትደርስ እጇን ሰፋ አድርጋ ዘገነችና ከጣቶቿ መሃል የተንጠባጠበውን ሽምብራ አንድ ባንድ ለቅማ መለሰችው። እንዳየኋት አታውቅም ብዬ አስባለሁ።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ልደታ ላይ ልደታን ማክበር ምን እንደሚመስል ልደታ ያደገ ያውቀዋል፤ ታቦቷ የወረደችበት ሰፈር ልጅ ነንና ከሌላው አዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ብለን እንራመዳለን። ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ሴቶች ንፍሮውን፣ ዳቦውንና ጠላውን ይዘው ሜዳው ላይ ወጡ፣ ሣር ተጎዘጎዘ፣ ጀበና ተጣደ፣ ዕጣኑ ከግንቦት ሙቀት ጋር ተደባልቆ ራስ ያዞር ጀመር። እማምዬ የተቀመጠችው ሁልጊዜ እንደምትቀመጠው ከማዶዋ እትዬ አጠገብ ነው። የማዶዋ እትዬ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የምትኖር፣ ግማሹን የሰፈር ልጅ ያዋለደች ሴት ናት፤ እኔንም ያዋለደችኝ እሷ ናት። አንድ ወንድ ልጇ ከማሙሽ ጋር በአንድ ቀን ተመዝግቦ፣ በአንድ መኪና ተጭኖ፣ ወደ አንድ ግንባር ሄዷል። ደብዳቤያቸው እንኳ አብሮ ነበር የሚመጣው፤ አንዱ ቤት ፖስታ ሲከፈት ሌላው ቤት ይሰማል። ያን ቀን ግን ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም ነበር፣ ሁለቱም ይህን አላነሡም፣ ንፍሮ ብቻ ይቀባበሉ ነበር።

አንድ ችግር ነበረብን። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ደጅ ይበላል እንጂ ቤት አይገባም፤ ይህን ከእማምዬ ፊት የሚያፈርስ አልተወለደም። የእቴቴ ትልቁ ልጅ፣ 17 ዓመቱ፣ አፈሳ ፈርቶ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የሚኖረው ኮርኒስ ላይ ነው፤ እንዴት ደጅ ይውጣ? እማምዬ ጥቂት አሰበችና "ኮርኒስ ቤት አይባልም፣ ወፍ የሚያድርበት ነው" ብላ ፈረደች። እኔም ሳህኑን ይዤ ገባሁ፣ ከላይ ሲባጎ ወረደልኝ፣ ንፍሮው እየተወዛወዘ ወደ ሰማይ ወጣ።

በዚያው ሰሞን፣ ዕርገት ባለፈ በሦስተኛው ቀን እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ግቡ ቢባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ቢባሉ ግን አንቀመጥም አሉ፤ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም። የመጡት የእቴቴን ሴት ልጅ ለአንድ የአንበሳ አውቶቡስ ሾፌር ለመጠየቅ ነበር። ጋሽዬ ኮስተር ብሎ "እንመካከራለን፣ ቀጠሮ ውሰዱ" አለ፤ መመካከሩ ከወር በፊት እንዳለቀ፣ ልጅቱም ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ትንፋሿን ውጣ እንደቆመች ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የዘመኑ ነገር እንዲህ ስለሆነ ቶሎ ብናደርገው ቢሉ እማምዬ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ "በግንቦት የሚዳር ልጅ የለኝም" አለች። ከዚያ ወዲያ የሐዋርያት ጾም፣ ከዚያ ወዲያ ክረምት፤ ለጥር ያድርሰን ተባለ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፣ ጠላም ቀረበ፣ ትልቁ አባባም ከበረንዳው "ሾፌሩ ይጠጣል?" ብሎ ጮኾ ጠየቀ። ጆሮው ስለማይሰማ መልሱን አልጠበቀም።

ማክሰኞ ግንቦት 13፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ፣ ጋሽዬ ሥራ ላይ መሆን ሲገባው ቤት መጣ። የዕለት ልብሱን እንደለበሰ፣ መርፌው ደረቱ ላይ እንደተሰካ፣ ሬዲዮኑን ከፈተና ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጁን አስደግፎ ቆመ። ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣናቸውን ለቀው ከአገር ወጥተዋል፣ በቦታቸው ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተተክተዋል ይላል። እንዲህ ያለ ወሬ ከቤተ መንግሥት ሲወጣ ሰው ይጮኻል ትላላችሁ፤ እኛ ግቢ ግን ዶሮ እንኳ አልጮኸም። ኮርኒሱ ብቻ ሲጢጥ አለ። እማምዬ ቡና እየለቀመች ነበርና ሳታቆም "ሰውየውስ ሄደ" አለች፤ "የኔን ልጅ የሚመልሰው ማነው?" አለች። ጋሽዬ መርፌውን ከደረቱ ነቅሎ ኮሌታው ስር መልሶ ሰካው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀኖቹ እንደ ልጅ ሩጫ ተደናበሩ። ሐሙስ ዕለት የሌኒን ሐውልት ወረደ አሉ። ማታ ማታ ጋሽዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የአሜሪካ ድምፅን ይሰማል፣ የሰማውንም ግማሹን ለእማምዬ ይነግራታል። ዓርብ ማታ ግን አስመራ መያዟን ሰማና ብርድ ልብሱን ሳይገልጥ ብዙ ቆየ። እማምዬ ከወዲያ ሆና "ግለጠውና ንገረኝ" አለችው። ነገራት። ተነሥታ ወጣችና በአጥሩ ቀዳዳ የማዶዋን እትዬ ጠራቻት፣ ሁለቱ ቆርቆሮውን መሃል አድርገው ቆሙ፣ የተባባሉትን አልሰማሁም፣ ምናልባትም አልተባባሉም።

በዚያችው ሌሊትና በማግስቱ ሰማዩ አውሮፕላን ብቻ ሆነ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል፣ የሳህን መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከቦሌ ወደ እስራኤል ሲጓዙ እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው። ትልቁ አባባ ያን ሰሞን ደክሞ አልጋ ይዟል፤ ጆሮው ሰው አይሰማም፣ የአውሮፕላኑን ድምፅ ግን በደረቱ ይሰማው ነበርና ዓይኑን ገልጦ "ከልደታ ነው የሚነሡት?" አለኝ።

ይህን እንዴት እንዳለ ልንገራችሁ፤ ከታሪኬ ብወጣም ግድ የለም። ቦሌ ሳይኖር አውሮፕላን ማረፊያው እዚሁ ልደታ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን በዳግላስ አውሮፕላን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከሰፈራችን ሜዳ ተነሥቶ ነው። ትልቁ አባባ ያኔ ጎልማሳ ነበር፣ ሥራውም ሣር ማጨድና ከብት ማባረር ነበር፤ ለሱ ግን አውሮፕላኑን ያስነሣው እሱ ነው። "እኔ በሬዎቹን ባላባርር ኖሮ ካይሮን ማን ያያት ነበር!" ይለን ነበር፣ እኛም ሺህ ጊዜ ሰምተን ሺህ ጊዜ እንስቅ ነበር። እና ያን ቅዳሜ "ከልደታ ነው የሚነሡት?" ሲለኝ አፌን ጆሮው ላይ ደቅኜ "አዎ አባባ፣ ከልደታ ነው" አልኩት። ዋሸሁ። "ሜዳው ላይ ከብት እንዳይገባ" አለና ዓይኑን ጨፈነ። ፀሐይ ስትጠልቅ አረፈ።

እሑድ ሲነጋ፣ ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ በየቅያሱ ጮኸ። የኔና የጋሽዬ ድርሻ ካዛንቺስ ያለችውን የሟቹን ልጅ ማርዳት ነበር። ታክሲ የለም፣ አውቶቡስም የለም፤ በእግራችን ወጣን። ጋሽዬ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፣ እጄን ይዟል፣ መንገዱ ደግሞ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከሜክሲኮ አደባባይ ጀምሮ እስከ ለገሃር ድረስ ወታደሮች እግረኛ መንገዱ ላይ ተዘርግተዋል፤ አንዳንዱ ጫማውን ተንተርሶ ይተኛል፣ አንዳንዱ ካልሲውን አውልቆ እግሩን ያያል፣ አንዱ የወታደር ብርድ ልብስ ዘርግቶ ለሚያልፈው ሁሉ "በዳቦ ውሰዱኝ" ይላል። ጋሽዬ እያንዳንዱን ፊት ጎንበስ እያለ ያያል። ማንን እንደሚፈልግ ገባኝ፤ ማሙሽ ከኤርትራ በዚያች ሌሊት እዚህ ሊደርስ እንደማይችል እኔም ልጁ አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ግን ከለገሃር እስከ አብዮት አደባባይ አንድም ፊት አላለፈም። ከአደባባዩ ወዲያ ሽቅብ ስንወጣ ባዶውን የሌኒንን መቆሚያ አየሁት። አንድ ልጅ በላዩ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

ካዛንቺስ ደረስን። ጋሽዬ በሩን አንኳኳና "ደኅና አደራችሁ" ብሎ ዝም አለ። አክስቴ የወጣችው ሊጥ የነካ እጇን እየጠረገች ነበር፤ ነጠላውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ "አባቴ" አለችና እዚያው ደፍ ላይ ተቀመጠች። መርዶ እንዲህ ነው፤ የሚናገረው ልብሱ ነው።

ዕለቱ ጰራቅሊጦስ ነበር። ልደታ ማርያም ቀበርነው፣ የዕድሩ ድንኳን ግቢያችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነው፣ አግዳሚዎቹ ተደረደሩ። እማምዬ በዚያው በብረት ድስቱ የለቅሶ ንፍሮ ቀቀለች። ስንት እፍኝ እንደጨመረች አልቆጠርኩም፣ ለለቅሶ ሰው አይቆጠርም።

ሰኞ ማታ፣ ጾሙ በገባ ዕለት፣ የማናውቀው ወጣት ወደ ድንኳኑ ገባ። የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፣ የገባ ሁሉ ለቀስተኛ ነው፤ ኮቱን እንደተጠቀለለ ጥግ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው። እቴቴ "የማነው ዘመድ? እንዴት አባባን ወዶት ኖሯል" እያለች ንፍሮና ውኃ አቀረበችለት፤ ንፍሮውን በሁለት እጁ ዘግኖ ሲጎርስ ነው እማምዬ ወደ እግሩ ያየችው። ከስክስ ጫማው ተቀዷል፣ በቀዳዳው ደም ደርቋል። ቀስ ብላ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከአምቦ በኩል፣ እማማ። በእግሬ ነው።"

"አገርህስ?"

"ወላይታ።"

አማርኛው የአገሩ ለዛ ነበረው። ስሙን አልጠየቀችውም፤ እኛ ቤት ስም እንደማይጠየቅ ነግሬያችኋለሁ። ተነሥታ ጓዳ ገባችና ሣጥኗን ስትከፍት ሰማሁ። ማሙሽ ሲዘምት ያስቀመጠው ቡናማ ሱሪ ነበር፣ ጋሽዬ ለጥምቀት የሰፋለት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የለበሰው፤ በናፍታሊን ተጠቅልሎ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀመጠ። ይዛው ወጣች፣ አላመነታችም፣ ልጁ ጉልበት ላይ አኖረችው። "ልበሰው። የልጄ ነው" አለች።

ኮቱ ስር ክላሽ ነበረው። ጋሽዬ ምንም ሳይናገር ተቀብሎት ወደ መጸዳጃው ሄደ፣ ቆይቶም ባዶ እጁን ተመለሰ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የልደታ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣ ከደጁ ባቡር ያልፋል፤ ሰዎቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና ሲያፈሉ ከስራቸው ምን እንደተቀበረ አያውቁም። የደንብ ልብሱን እቴቴ ምጣድ ስር ማገደችው። በማግስቱ አመዱን ስንገፋ አራት ቁልፍ አገኘን፣ እኔም አንዱን ደበቅኩ።

አሁን ደግሞ ስሙኝ፤ ይህች ሌሊት አላለቀችም። ልጁ ሰዓት እላፊ ስለደረሰበት ድንኳኑ ውስጥ አደረ፣ እኛም ከቤት በሩን ዘግተን ተኛን፣ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ እታለም ምጧ መጣ። ባልቻ ሆስፒታል ቅርባችን ነበር፣ በቀን ቢሆን በእግር የሚደረስ፤ በዚያ ሌሊት ግን ከበር የሚወጣ ማን አለ? ከሩቅ መድፍ ይሰማል። የማዶዋ እትዬ አጥር ለአጥር ናት፣ ግን እሷም በበሯ ወጥታ፣ ቅያሱን ዞራ፣ በእኛ በር መግባት አለባት። ያን ጊዜ ወታደሩ ከድንኳኑ ወጣና "የትኛው ቆርቆሮ ነው?" አለ። ምስማሩን በማንኪያ እጀታ እየፈለቀቀ አጥሩን ነቀለው፣ ቆርቆሮውን በትከሻው ደግፎ ቆመ፣ የማዶዋ እትዬም በክንዱ ስር ሾልካ ገባች። ስታልፍ ቀና ብላ ፊቱን አየችው፤ በጨረቃ እንኳ ልጇ አለመሆኑን ለመለየት ጊዜ አልወሰደባትም። "ተባረክ" አለችና ገባች።

እኛ ልጆቹ ከአልጋ ስር ነበርን። ሲነጋጋ ተኩሱ ቀረበ፣ ታንክ ሲያልፍ መሬቱ ሆዳችን ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በቤተ መንግሥቱ አቅጣጫ ፍንዳታ ይደጋገማል። በዚያ መሃል ቀጭን የጨቅላ ድምፅ ሰማን። ሴት ናት። አሁን እልል መባል አለበት፤ ደጅ ግን የለቅሶ ድንኳን ቆሟል፣ ዕለቱም የትልቁ አባባ ሰልስት ነው። እማምዬና የማዶዋ እትዬ ተያዩ። ከዚያም የማዶዋ እትዬ ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና ሦስት ጊዜ እልል አለች። ድምፅ አልወጣም። እኔ ከአልጋ ስር ሆኜ የማየው ሲንቀጠቀጥ የነበረውን ትከሻዋን ብቻ ነበር፣ የምታለቅስ መሰለኝ።

ለሰልስቱ ማንም አልመጣም። አግዳሚዎቹ ባዶ ቆሙ፣ ንፍሮው ቀረ። አንዱ ምድጃ ላይ ለሰልስት የተቀቀለው ንፍሮ፣ ሌላው ምድጃ ላይ ለአራሷ የሚገነፋው ገንፎ፤ እቴቴ በሁለቱ መሃል ተቀምጣ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን ታማስላለች። ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ሲበርድ የአክስቴ ልጅ ከኮርኒሱ ወረደ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ፣ ብርሃኑ ዓይኑን ወግቶት በረንዳው ላይ ቆመና "ማን አሸነፈ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ ሕፃኗን አሳቀፉት።

ወታደሩ ረቡዕ ሄደ። እማምዬ ቆሎ ቋጠረችለት፣ እሱም ጉልበቷን ሳመ። ሱሪው አጥሮበት ነበር፣ ማሙሽ አጭር ነው።

ሕፃኗን ሚጣ አልናት። በወሩ በ27ኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ በከተማው ደቡብ በኩል የጥይት መጋዘን ፈነዳና የመስኮታችን መስተዋት ሁሉ ረገፈ፤ ብዙ ሰው አልቋል ተባለ። የኮርኒሱ አቡጀዲ ተቀዶ አቧራው በላያችን ወረደ፣ ትልቁም ትንሹም ጮኸ፣ ሚጣ ግን አልነቃችም። ተኩስ ሲሰማ ለተወለደ ልጅ ይህ ምኑ ነው አለች የማዶዋ እትዬ። በተነቀለው አጥር በኩል ነበር የመጣችው፤ ጋሽዬ ቆርቆሮውን መልሶ እመታለሁ እያለ ወሩ አለቀ፣ ክረምቱም ገባ፣ ሁለቱ ግቢ አንድ እንደሆነ ቀረ።

ከግንቦት ወጣሁ፣ ግን አንዲት ነገር ቀርታኛለች። በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት፣ ማሙሽ መጣ። ከከረን ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን፣ ከሰላ ገብቶ፣ ከዚያም ከብዙዎች ጋር ጎንደርን አቋርጦ ነው። ሰውነቱ አልቆ ጥርሱ ብቻ ነበር የቀረው። እማምዬ አልጮኸችም፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ዕቃ ገልብጣ ገልብጣ አየችው። የማዶዋ እትዬ ሰምታ መጣች፣ ከበሩ አጠገብ ቆመች፣ ማሙሽም እሷን ሲያይ አንገቱን ደፋ። "ከረን ላይ ተለያየን፣ እትዬ" አላት። "መንገዱ ለሁለት ሲከፈል እሱ በወዲያኛው ሄደ።" "ታዲያ ይመጣላ" አለችው። እንኳን ደኅና ገባህ ብላ ሳመችው፣ እግሩን አጥባ፣ ቁስሉን አይታ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ማሙሽ ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ነቃ፣ ታጠበ፣ እማምዬም ከፊቱ ተቀምጣ ሲበላ ታየው ጀመር። በልቶ ሲጨርስ ሣጥኗን ከፈተ፣ ጎረጎረ፣ ዘወር አለና፣

"እማምዬ፣ ቡናማው ሱሪዬስ?" አለ።

"እሱማ ወላይታ ገባ" አለችው።

ገባኝ ብሎ ይሁን አልገባኝም ብሎ፣ ቆሞ ቀረ። እኔ እሷን ነበር የማየው። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ግን በተነቀለው አጥር በኩል ወደ ማዶው ቤት ነበር።